አጭሩ ሩጫ ለረጅሙ ምኑ ነው?

ባለፈው እሁድ በከተማችን የተካሄደውን የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ ውጤት ሰኞ ጧት በዚሁ ሰሌዳ ላይ አንብባችኋል። የስድስታችን ስም ከነሰዓቱ ተጽፎ ነበር። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ደግሞ ከጎኑ ሌላ ወረቀት ተለጠፈ። በዚያኛው ወረቀት ላይ ያለነው አራት ብቻ ነን። ማስታወቂያው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ከአምስት ሳምንት በኋላ በሚደረገው የማራቶን ውድድር የተቋማችንን ስም ይዘው የሚሮጡት በእሁዱ ሩጫ ከስድስታችን መካከል ከ1ኛ እስከ 4ኛ የወጡት ናቸው፤ የቀሩት ሁለቱ ልምምዳቸውን ሊያቆሙ ይችላሉ።

ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ስድስታችንም ነን። አራቱ የተመረጥነውና ሁለቱ የተሰረዝነው ከጥናት ሰዓት በኋላ በንባብ ክፍሉ ጥግ አንድ ላይ ተቀምጠን ነው የጻፍነው። አንዳንድ ጓደኞቻችን «እናንተ አራታችሁ ተመርጣችሁ ሳለ ምን አነካካችሁ?» ብለውናል። የነካካን ነገር አለ። ዝርዝሩ ልክ አይደለም ብለን እናምናለን። ልክ ያልሆነበትም ምክንያት ኮሚቴው አድልዎ ስለ ፈጸመ አይደለም። አጭሩ ሩጫ ለረጅሙ ሩጫ ምኑ እንደ ሆነ ኮሚቴውም እኛም በደንብ ስላላሰብንበት ነው። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ሥራችን ምን ነበር?

ማራቶን ማለት 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ይህን ርቀት በአንድ ጊዜ ተነስቶ የሚሮጠው ሰው የለም። እኛም ከኅዳር መጀመሪያ ጀምሮ በሳምንት አምስት ቀን፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እየተነሳን ስንሮጥ ቆይተናል። በዚህ በደጋው ብርድ ከብርድ ልብስ ውስጥ መውጣት ራሱ ግማሽ ልምምድ መሆኑን የሌሊት ጥበቃ አባታችን ይመሰክሩልናል። በሩን የሚከፍቱልን እርሳቸው ናቸው፤ «አይ ልጆቼ፣ ማን አባሯችሁ ነው?» ይሉናል በየዕለቱ።

ልምምዱ እንዲህ ነበር። ሦስቱ ቀን ሶምሶማ ነው፤ እየተጫወቱ የሚሮጥ፣ ትንፋሽ የማያሳጥር። አንዱ ቀን ፍጥነት ነው፤ ከድልድዩ እስከ ዳገቱ ራስ ያለውን መንገድ እየደጋገሙ በኃይል መሮጥ። እሁድ ደግሞ ረጅሙ ሩጫ ነው። በ16 ኪሎ ሜትር ጀመርን፤ እያደር ከፍ እያደረግን ከሦስት ሳምንት በፊት 28 ኪሎ ሜትር ደረስን። የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን ሁላችንንም አንድ አንድ ደብተር አስይዘውን ነበር። ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሮጥን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደ በላን፣ ምን እንዳመመን በየቀኑ እንጽፋለን። ይህ ደብተር ወደ ታች ምስክር ሆኖ ስለሚቀርብ አንባቢ ከወዲሁ ያስታውሰው።

የእሁዱ 10 ኪሎ ሜትር በዚህ ሁሉ መካከል የገባ ነው። መምህራችን ተመዝገቡ ሲሉን እንዲህ ብለውን ነበር፦ «ይህ ውድድር ልምምድ ነው። ደረት ላይ ቁጥር የተለጠፈበት ልምምድ። ልባችሁ በማራቶኑ ላይ ይሁን።» እኛ ሰማናቸው፤ ግን አልሰማናቸውም።

አጭሩ ሩጫ ለምን ይጠቅማል?

አጭር ውድድር በማራቶን ዝግጅት መካከል መግባቱን አንቃወምም። እንዲያውም ጥቅሙ ብዙ ነው።

1ኛ. መለማመጃ ነው። በውድድር ቀን በስንት ሰዓት መነሳት፣ ምን መብላት፣ መቼ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ በሕዝብ መካከል እንዴት መቆም እንደሚገባ በወሬ አይታወቅም። ከመካከላችን አንዱ እሁድ ጧት ከካፌ በርበሬ የበዛበት ፍርፍር በልቶ ወጣ። 4ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሆዱን ይዞ ቆመ። ይህ ነገር በማራቶኑ ቀን ቢደርስበት ኖሮ የአምስት ወር ልፋቱ በአንድ ሳህን ፍርፍር ይሄድ ነበር። ሌላዋ ደግሞ ከእህቷ የተዋሰችውን ጫማ አድርጋ ሮጣ ሁለቱም ተረከዟ ውሃ ቋጠረ። አሁን የራሷን አሮጌ ጫማ አሰፍታለች። ለዚህ ዓይነቱ ስሕተት 10 ኪሎ ሜትር ርካሽ ዋጋ ነው።

2ኛ. እግርን ያነቃል። ለወራት በሶምሶማ የኖረ እግር ይደነዝዛል። በአጭር ውድድር በፍጥነት የሮጠ ሰው ወደ ማራቶኑ ፍጥነት ሲመለስ ቀለል ይለዋል።

3ኛ. መለኪያ ነው። ሯጮች በ10 ኪሎ ሜትር ያስመዘገቡትን ሰዓት በ4 ነጥብ 6 ወይም በ4 ነጥብ 7 አባዝተው ማራቶኑን በስንት ሰዓት ሊጨርሱ እንደሚችሉ ይገምታሉ። 10 ኪሎ ሜትሩን በ40 ደቂቃ የሮጠ ሰው ማራቶኑን በ3 ሰዓት ከ4 እስከ 8 ደቂቃ ገደማ ሊጨርስ ይችላል ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ስሌት የሚሠራው ረጅሙን ልምምድ በሚገባ ለሠራ ሰው ብቻ ነው። ላልሠራው ስሌቱ የወረቀት ላይ ነብር ነው።

ለምን ቢባል፣ ሁለቱ ሩጫዎች የሚፈትኑት የተለያየ ነገር ነው። በ10 ኪሎ ሜትር ላይ ሰውን የሚያቆመው የትንፋሽ ማጠርና የእግር መክበድ ነው። ሰውነታችን በጡንቻና በጉበት ያከማቸው የስኳር ስንቅ ግን በ10 ኪሎ ሜትር አያልቅም። በማራቶን ላይ ግን ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ይህ ስንቅ ወደ ማለቁ ይቃረባል፤ በተለይም መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ያባከነ ሰው ስንቁ ቶሎ ያልቅበታል። ያን ጊዜ ትንፋሹ ደህና ነው፤ እግሩ ግን እምቢ ይላል። ስለዚህ ማራቶን ስንቅ የመቆጠብ ፈተና ነው። አንድን መንገደኛ ከቤቱ እስከ ገበያ ባለው ፍጥነቱ ብቻ አይተን የሦስት ቀን መንገድ ይችላል ወይም አይችልም ብለን እንፈርዳለን?

ግለ ሂስ

ኮሚቴውን ከመውቀሳችን በፊት ራሳችንን እንውቀስ። እሁድ ዕለት ከስድስታችን አምስቱ እንደ ሕፃን ነው የሮጥነው።

ዕቅዳችን ግልጽ ነበር። የመጀመሪያውን 5 ኪሎ ሜትር ተረጋግቶ መሮጥ፣ የቀረውን እኩል ወይም ፈጠን ብሎ መጨረስ። ፈጣኑ ጓደኛችን በኪሎ ሜትር 4 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ሊሮጥ ነበር የተነሳው። ታዲያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ፊሽካው ሲነፋ፣ ሕዝቡ ከግራና ከቀኝ ሲያጨበጭብ፣ «ዕጩ መምህራን በርቱ!» የሚል ድምፅ ስንሰማ ዕቅዱ ከልባችን ጠፋ። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ በረርነው። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ልጆች ከፊታችን ነበሩ። እነሱን ሳንቀድም እንዴት እናድራለን? 6ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዳገቱና ነፋሱ ተባብረው ተቀበሉን። ከዚያ በኋላ የሆነው ሩጫ አይባልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በመጀመሪያው ግማሽ ያተረፍነውን ደቂቃ በሁለተኛው ግማሽ ከነወለዱ መልሰን ከፈልን።

የፈጣኑ ጓደኛችን ሰዓት እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው 5 ኪሎ ሜትር 19 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ ሁለተኛው 21 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ፤ ድምሩ 41 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ። ከመካከላችን 1ኛ ወጣ። ዕቅዱን ጠብቆ ቢሮጥ 40 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ይገባ ነበር። ተከታዮቹ ሦስታችንም የሮጥነው በዚሁ መልክ ነው። 5ኛው ፍርፍር የበላው ወንድማችን ነው፤ ሆዱን ይዞም በ46 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ገብቷል።

6ኛዋ ደግሞ አንዲት እህታችን ናት። የመጀመሪያውን 5 ኪሎ ሜትር በ26 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ፣ ሁለተኛውን በ26 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ሮጠች። ድምሩ 52 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ከስድስታችን ሁለተኛውን ግማሽ ከመጀመሪያው ፈጠን ብላ የሮጠች እርሷ ብቻ ናት። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ያልበረረች፣ ዳገቱ ሲመጣ ያልቆመች፣ ከጨረሰችም በኋላ ሣር ላይ ሳትዘረር ቀስ እያለች ሶምሶማ የሮጠች እርሷ ናት። መምህራችን ሥሩ ያሉትን ሥራ የሠራችው እርሷ ብቻ ናት። ከዝርዝሩ የተሰረዘችውም እርሷ ናት።

ማክሰኞ ማታ እራት አልበላችም። ረቡዕ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በሩ ጋ አልመጣችም። ጥበቃ አባታችን «ያቺ ዝምተኛዋስ?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም።

ደብተሮቹ ምን ይላሉ?

ስሜት ብቻ እንዳይባል ደብተሮቻችንን አንድ ላይ አድርገን አየናቸው። ከኅዳር ጀምሮ አንድም ቀን ያልቀረች እርሷ ናት። ሌሎቻችን ከሦስት ቀን ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ቀን ቀርተናል። ከሦስት ሳምንት በፊት 28 ኪሎ ሜትር በሮጥን ጊዜ ሦስታችን ከ24 ኪሎ ሜትር በኋላ ሩጫውን አቁመን በእግር እየተጎተትን ነው የጨረስነው። ከሦስታችን ሁለታችን ዛሬ በዝርዝሩ ላይ አለን። እርሷ ግን ሁሉንም ሮጣ ጨረሰች። በመጨረሻው 2 ኪሎ ሜትር ላይ ከኋላ መጥታ አለፈችን፤ ስታልፈንም «አይዟችሁ፣ ደርሰናል» ነው ያለችው።

በእሁዱ ሰዓቷ ተሰልቶ ማራቶኑን በ4 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ገደማ ትጨርሳለች። ፈጣን አይደለም። ግን እንደምትጨርስ ደብተሯ ይናገራል። የእኛ ደብተር ስለ እኛ ይህን ለመናገር አይደፍርም።

ሌላም ነገር አለ። 1ኛ የወጣው ጓደኛችን ስሙን በዝርዝሩ ራስ ላይ ካየ በኋላ ደስታው አላስቀመጠው ብሎ ማክሰኞ ማታውኑ የዳገቱን የፍጥነት ልምምድ ወጥቶ ሠራ። እንዲህ ካለ ውድድር በኋላ እግር ቢያንስ ሦስት አራት ቀን በሶምሶማና በዕረፍት ማገገም እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለን። አሁን የቀኝ ባቱን ያመዋል፤ ወደ መማሪያ ክፍል የሚያወጣውን ደረጃ የሚወጣው ግድግዳ ይዞ ነው። እስከ ዛሬ የደበቀው ስሙ እንዳይሰረዝ ፈርቶ ነው። ይህን እንድንጽፍ የፈቀደልን ራሱ ነው። እንግዲህ ኮሚቴው እስከ ዛሬ ባያውቅ አሁን ዐወቀ፦ በዝርዝሩ ላይ ያለው አንደኛ እያነከሰ ነው፤ የተሰረዘችው ስድስተኛ ደህና ናት።

ከሜክሲኮ የምንማረው

ይህ ነገር በእኛ አልተጀመረም። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ በተካሄደው ኦሎምፒክ፣ ጥቅምት 3 ቀን በ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ሻምበል ማሞ ወልዴን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ቀድሞ ወርቁን ወሰደ። ማሞ ሁለተኛ ሆነ። ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 10 ቀን፣ ሁለቱም በማራቶኑ መነሻ ላይ ቆሙ። በዚያ ቀን በ10 ሺህ ሜትሩ ውጤት ብቻ ቢፈረድ ኖሮ ቴሙ ማሞን መቅደም ነበረበት። የሆነው ግን ሌላ ነው። ማሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ 1ኛ ሆኖ ከተከታዩ ከሦስት ደቂቃ በላይ ርቆ ገባ። ቴሙ 19ኛ ወጣ። በአጭሩ የቀደመ በረጅሙ አልቀደመም።

በዚያው ማራቶን ላይ የሮምና የቶኪዮ ባለ ድሉ ሻምበል አበበ ቢቂላም ነበር። በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ በሮም በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ዓለምን ያስደነቀው ጀግና በሜክሲኮ የታመመ እግር ይዞ ተነስቶ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። አበበን የመሰለ ሰው የታመመ እግር ካስቆመው፣ የእኛ ጓደኛ ግድግዳ እየያዘ 42 ኪሎ ሜትር ይሮጣል ብሎ ማሰብ በእርሱም ላይ መፍረድ ነው።

ቅርብ ጊዜ የሆነም አለ። ታምራት ቶላ በ2016 ዓ.ም. በፓሪሱ ኦሎምፒክ የማራቶን ቡድን ውስጥ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ በምትኩ ገባ። ከዚያም በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ አመጣ። ተጠባባቂው ስሙ በዋናው ዝርዝር ውስጥ የለም ብሎ ልምምዱን አቁሞ ቢሆን ኖሮ ያ ወርቅ ከየት ይመጣ ነበር? የእኛ ማስታወቂያ ግን «ልምምዳቸውን ሊያቆሙ ይችላሉ» ይላል። ከሁሉም ይልቅ ያዘንነው በዚህች ዐረፍተ ነገር ነው።

የኮሚቴው ምክንያት

ኮሚቴውን አነጋግረናል። የሰጡን መልስ ሦስት ነጥብ አለው፤ ሳናጎድል እናቅርበው።

አንደኛ፣ ገንዘብ የለም። የመጓጓዣና የአበል ወጪ የተፈቀደው ለአራት ሰው ነው። ይህ እውነት ነው፤ አንክድም።

ሁለተኛ፣ ሰዓት አያዳላም። ደብተር ሰው ይጽፈዋል፤ ሰዓት ግን ለሁሉም እኩል ነው ብለዋል። ይህም ክብደት ያለው ሐሳብ ነው። ነገር ግን እኩል ሰዓት የሚለካው አንድ ዓይነት ነገር ሲለካ ነው። እንጨት የምትመዝንበት ሚዛን ወርቅ አይመዝንም፤ ሚዛኑ ስላዳላ ሳይሆን ስለማይሆን ነው። በዚያ ላይ ወንዱንና ሴቷን በአንድ መስመር ደርድሮ ስድስተኛ ማለት አግባብ አይደለም። ማራቶኑ ራሱ ወንድና ሴትን ለየብቻ ነው የሚያወዳድረው።

ሦስተኛ፣ ተቋማችን በውጤት እንዲታወቅ እንፈልጋለን ብለዋል። እኛም እንፈልጋለን። ግን እውነቱን እንነጋገር። ማራቶኑን የሚያሸንፉት ሥራቸው ሩጫ የሆነ ሯጮች ናቸው። ከእኛ የሚጠበቀው አሥር ውስጥ መግባት አይደለም። ስድስት ዕጩ መምህራን ተነስተው ስድስቱም ጨረሱ ቢባል ለተቋማችን ከዚህ የበለጠ ምን ስም አለ? ሁሉም ሩጫ ለማሸነፍ ብቻ አይሮጥም። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚካሄደውን ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን እንኳ ብናይ፣ 10 ኪሎ ሜትሩን ከሚሮጠው ያ ሁሉ ሕዝብ የሚያሸንፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሌላው ሕዝብ ምን ሊያደርግ ነው የሚወጣው? ሊጨርስ፣ ሊደሰት፣ ራሱን ሊያይ ነው።

ነገ እኛ ፈታኞች ነን

ይህን ሁሉ ስለ ሩጫ ብቻ ብለን አልጻፍንም። እኛ ነገ በየወረዳው ተበትነን ጠመኔ የምንይዝ ሰዎች ነን። በዚህ ተቋም ውስጥ ጧትና ማታ ስለ ተከታታይ ምዘና እንማራለን። ተማሪን በአንድ ፈተና አትፍረዱበት፣ የክፍል ሥራውን እዩ፣ የቤት ሥራውን እዩ፣ ከየት ተነስቶ የት እንደ ደረሰ እዩ ይሉናል መምህሮቻችን። እኛም በደብተራችን ላይ ጽፈን፣ ሸምድደን፣ ለፈተና መልሰን እንጽፈዋለን። ታዲያ ከክፍል ወጥተን ሃምሳ እርምጃ ሳንራመድ በአንድ እሁድ ጧት ውጤት ሁለት ሰው እንሰርዛለን። እንዴ! ትምህርቱ ለፈተና ብቻ ነው እንዴ?

አጭሩ ሩጫ ለረጅሙ፣ የክፍል ፈተና ለዓመቱ ትምህርት እንደሚሆነው ነው። ጎበዝ መምህር የክፍል ፈተና የሚሰጠው ያልገባቸውን ልጆች ለማወቅና ትምህርቱን ለማስተካከል ነው። ሰነፍ መምህር ግን በዚያው ፈተና ልጆቹን ጎበዝና ሰነፍ ብሎ ለሁለት ይከፍላቸውና ዓመቱን ሙሉ በዚያው ስም ይጠራቸዋል። በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለን ይህን በዓይናችን አይተናል። ከኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡ፣ መምህሩ የማይጠይቃቸው፣ እነሱም እጃቸውን ማውጣት የተዉ ልጆች አሉ። ከእነዚህ መካከል ስንቱ ቀስ ብሎ የሚሮጥ ግን ሳያቋርጥ የሚጨርስ ይሆን? ማን ጠይቋቸው ያውቃል?

እኛም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለንም። ሰኞ ጧት ውጤቱ ሲለጠፍ ከስድስታችን አንዳንዶቻችን በስድስተኛዋ ላይ ቀልደናል። «አምቡላንስ ይዛ ነው የመጣችው» ያልነው እኛው ነን። እርሷም አብራን ሳቀች። ሳቋ ከአንገት በላይ እንደ ነበር የገባን ረቡዕ ሌሊት በሩ ጋ ስናጣት ነው። ይህን በግልጽ ይቅርታ ጠይቀናታል፤ እዚህም ደግመን እንጠይቃታለን።

የምናቀርበው ሐሳብ

በበኩላችን የሚከተለውን ለኮሚቴው እናቀርባለን።

1ኛ. የማክሰኞው ዝርዝር ይነሳ። በተለይም «ልምምዳቸውን ሊያቆሙ ይችላሉ» የምትለው ዐረፍተ ነገር ትውጣ። ማንም ሰው ልምምድ እንዲያቆም በሰሌዳ አይነገረው።

2ኛ. ምርጫ የግድ ከሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ በምናደርገው የ30 ኪሎ ሜትር ልምምድ ይሁን። ያን ጊዜ ለማራቶኑ ሦስት ሳምንት ስለሚቀር ለማገገም በቂ ጊዜ አለ። የሚታየውም ማን ቀደመ ሳይሆን ማን ፍጥነቱን ሳይጥል ጨረሰ የሚለው ይሁን። ደብተሮቹም አብረው ይታዩ፤ ስድስታችንም ለማስረከብ ዝግጁ ነን።

3ኛ. የታመመው ጓደኛችን በተጎዳ እግሩ ሳይፈረድበት፣ ስሙ ሳይሰረዝ፣ ክሊኒክ ታይቶ እስኪሻለው ዕረፍት ያድርግ። ሕመሙን ቢናገር እንደሚሰረዝ የሚፈራ ሯጭ ሕመሙን ይደብቃል፤ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም።

4ኛ. ስለ ገንዘቡም አስበናል። ለአራት ሰው የተፈቀደውን አበል ለስድስት እንካፈላለን። የተለየ መኪና አያስፈልገንም፤ በሕዝብ አውቶቡስ እንሄዳለን። ሁለቱ እህቶቻችን የአንዳችን አክስት ቤት ያድራሉ፤ ወንዶቹ መሬት ላይ ፍራሽ ይበቃናል። ስንቃችንን በሶና ዳቦ ከዚሁ ይዘን እንወጣለን። ፍርፍር ግን አንይዝም፤ ከእሁዱ ሩጫ ቢያንስ ይህችን ተምረናል።

5ኛ. ከእንግዲህ በዝግጅት መካከል አጭር ውድድር ስንገባ ከመነሳታችን በፊት ዓላማችንን በደብተራችን ላይ በአንድ መስመር እንጻፍ። «ዛሬ የምሮጠው ተረጋግቼ ለመነሳት ነው» ወይም «ዛሬ የምሮጠው ቁርሴን ለመፈተን ነው» ብለን። ከውድድሩም በኋላ ሰዎች «ስንተኛ ወጣህ?» ሲሉን «ያሰብኩትን ሠርቻለሁ» ወይም «አልሠራሁም» ብለን እንመልስ። በዚህ መለኪያ እሁድ ዕለት ከስድስታችን ያለፈችው አንዲት ሰው ናት።

ውድ አንባብያን፤ ይህን ጽሑፍ ስንጨርስ ቀኑ ዓርብ ነው። ትናንት ሌሊት ሁለታችን ወደ ሴቶች መኝታ ቤት ሄደን በመስኮቱ በኩል ጠራናት። ብዙ ጠበቅን። በመጨረሻ ወጣች፤ ጫማዋን አስራ ነበር። ጥበቃ አባታችን በሩን ሲከፍቱልን ቆጠሩንና «ስድስት። አሁን ሞላችሁ» አሉ። አንደኛችን ባቱን ስለሚያመው ከበሩ አልወጣም፤ የሁላችንንም ሹራብ ይዞ ጥበቃ አባታችን ጋ ተቀምጦ ጠበቀን። አምስታችን 8 ኪሎ ሜትር ሶምሶማ ሮጥን። ፍጥነቱን የያዘችልን እርሷ ናት።

ኮሚቴው እስኪወስን ድረስ እኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በሩ ጋ አለን። ለመሮጥ የምትፈልጉ ካላችሁ ኑ። ስንተኛ እንደምትወጡ አንጠይቃችሁም።

ስድስቱ ዕጩ መምህራን ሯጮች